ሌላ በሚለው ዓምድ ሥር

ዘበኛችንን የመቷቸው በገዛ ከዘራቸው ነው። መጀመሪያ አፋቸውን፣ ቀጥሎ ጉልበታቸውን። እኔ በላቦራቶሪው መስኮት አያለሁ። እጄ ላይ ቫዝሊን የተቀባ ስላይድ ነበረ፤ እንዳይቆሽሽብኝ በሁለት ጣቴ ጠርዙን ይዤዋለሁ። ፊት ለፊቴ የሰው ጥርስ እየረገፈ እኔ ስለ መስታወት ንጽሕና እጨነቅ ነበር። ዛሬም ትዝ ሲለኝ ራሴን በጥፊ ማለት ያምረኛል።

ያስመታቸው የሰጡት መልስ ነው። ዘመኑ ቀይ ሽብር ነው። የአብዮት ጥበቃ ጓዶች ጠመንጃ አንግተው በአዋሳ ከግቢ ግቢ ይዞራሉ። እኛ የምንሠራበት የእርሻ ምርምር ግቢ ከከተማው ወጣ ያለ ነው፤ ጣሪያችን ላይ ግን ከሩቅ የሚታይ ነገር ነበረን፤ አራት ክንድ ያለው ረጅም ብረት። ጓዶቹ በሩ ላይ ቆመው ምንድን ነው ብለው ጠየቁ። ዘበኛው የሲዳማ አዛውንት ናቸው፤ አማርኛ የለመዱት ከጎለመሱ በኋላ ነው፤ ቃል አያበዙም።

"አየር ይይዛል" አሉ።

"የምን አየር?"

"ይሄ የሚነፍሰው። እሱ ይይዛል፣ ልጅቷ ትቆጥራለች።"

እውነታቸውን ነበር። ስለ ሥራችን ከዚያ የተሻለ መግለጫ እስከ ዛሬ አልሰማሁም። ጓዶቹ ግን የተቀለደባቸው መሰላቸውና ከዘራውን ነጠቋቸው።

ልጅቷ እኔ ነኝ። የላቦራቶሪ ረዳት ነበርኩ፤ ደመወዝ የሚከፈለኝ አየር ውስጥ ያለውን ብናኝ ለመቁጠር ነው። እናቴ ጎረቤት "ልጅሽ ምን ትሠራለች?" ሲላት "መንግሥት ቤት ናት" ብላ ታልፍ ነበር፤ ምን ትበል? በዙሪያችን ያሉት የበቆሎ እርሻዎች በየክረምቱ ዋግ ይመታቸዋል። ቅጠሉ ላይ ዝገት የመሰለ ዱቄት ይወጣል፤ ያ ዱቄት እኛ ስፖር የምንለው የፈንገስ ዘር ነው። በዓይን አይለይም፤ ነፋስ ተሸክሞት አገር ያቋርጣል። አለቃዬ ዶክተሩ፣ ቅጠል ላይ ከማረፉ በፊት አየር ላይ እያለ፣ ከየት በኩል እንደሚመጣ ማወቅ እንችላለን ብለው ያምኑ ነበር። ያንን አራት ክንድ ያለውን ብረት ያስበየዱት እሳቸው ናቸው። በየክንዱ አንድ ስላይድ ይቆማል፤ አንዱ ወደ ምሥራቅ፣ አንዱ ወደ ምዕራብ፣ ሁለቱ ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ያያሉ። ነፋሱ ያመጣው ነገር ቫዝሊኑ ላይ ይለጠፋል። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓትና ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት መሰላል ወጥቼ እቀይራቸዋለሁ። ከዚያ ማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሼ እቆጥራለሁ።

አዋሳ ላይ ነፋስ ሰዓት ያውቃል። ቀን ከሐይቁ ወደ መሬት ይነፍሳል፤ ከመሸ እስከ ንጋት ደግሞ ከምሥራቅ ወደ ሐይቁ ይመለሳል። ይህንን ዓሣ አጥማጁም ያውቀዋል፤ ዶክተሩ ግን በቁጥር ነበር የሚያውቁት።

ደብተሩ ለየማዕዘኑ አንድ ገጽ፣ በየገጹም ዓምዶች አሉት። ዋግ፣ አረማሞ (የእህል ፍሬን ወደ ጥቁር ዱቄት የሚለውጠው በሽታ ነው)፣ የአበባ ብናኝ፣ አቧራ፤ መጨረሻ ላይ "ሌላ" የሚል። ዶክተሩ ከሁሉም በላይ የሚወዱት ይህንን የመጨረሻውን ነበር። "የምታውቂውን መጻፍ ማንም ይችላል፤ የማታውቂውንም ጻፊ" ይሉኝ ነበር። የትንኝ ክንፍ፣ የሸረሪት ድር፣ የሐይቁ ዳር ወፍ የአባ ኮዳ ላባ ቅንጣት፣ ሁሉም እዚያ ይገባል። ፍቆ ማጥፋት ክልክል ነው። የተሳሳትኩ እንደሆነ፣ ስህተቱ ራሱ እንዲነበብ በአንድ መስመር ብቻ እሰርዘዋለሁ። ዓርብ ዓርብ ደብተሩን ገጽ በገጽ ያዩና በቀይ እስክርቢቶ "ትክክል" ብለው ይፈርማሉ። ቁጣቸው መጥፎ ነበር። አንድ ቀን ደክሞኝ ቁጥር አጠጋግቼ ስጽፍ ደረሱብኝ፤ የስላይድ ሳጥኑን አንስተው ግድግዳ ላይ ፈጠፈጡት። አንድ ሳምንት ሙሉ ከወለሉ ስንጥር መስታወት ስለቅም ሰነበትኩ፤ ጣቶቼ ደም በደም ሆኑ። ጠላኋቸው። ከዚያ ወዲህ ግን አንድም ቁጥር አላጠጋጋሁም።

አሰሳ ሊደረግ ነው የሚለው ወሬ የመጣ ሰሞን አዋሳ ወረቀት ፈራች። በራሪ ጽሑፍ ያለውም የሌለውም፣ የፍቅር ደብዳቤ ያለውም ጭምር ፈራ። ገሚሱ ሽንት ቤት ከተተ፣ ገሚሱ ቀበረ፣ ገሚሱ አቃጠለ። እኔም ከተማ ያለችው እኅቴ ዘንድ ሄጄ ደብተሮቿን ቀዳድጄ ጉድጓድ ጨምሬያለሁ፤ የሒሳብ ደብተሯ ሳይቀር። ጠዋት ጠዋት መንገድ ላይ ሬሳ ይገኛል። ሐይቅ ዳር ከአባ ኮዳዎቹ መካከል ተጥሎ ያየሁት ወጣት ከካልሲ በቀር እግሩ ላይ ምንም አልነበረውም። ወፎቹ ዓሣ ሲጠብቁ እንደሚቆሙት ቆመው ነበር። አላለቀስኩም፤ ያለቀሰ "ዘመዱ ነው" ተብሎ ይያዛል።

አሰሳው የተደረገ ዕለት ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ እንደ ወትሮዬ መሰላሉን ወጣሁ። ከፒያሳ በኩል ተኩስ ይሰማል፤ አንድ አንድ እየተባለ፣ ሳይቸኩል የሚተኮስ ዓይነት። አራቱን ስላይድ አውርጄ ቁጭ አልኩ። እንግዲህ ጠመንጃ እየጮኸ ስፖር የሚቆጥር ሰው ጤነኛ ነው አትበሉኝ፤ ግን እጄ የሚያርፍበት ነገር ባይኖረው አብድ ነበር።

የምሥራቁ ስላይድ ጥቁር በጥቁር ነበር። መጀመሪያ አረማሞ መሰለኝ። አረማሞ ግን ክብ ክብ ነው፤ ይህኛው ጠፍጣፋ፣ ጠርዙ የተቀደደ፣ ውስጡ ጭረት ጭረት ያለው ነው። ስላይዱን ወዲያና ወዲህ ሳንቀሳቅሰው አንዱ ቁራጭ ላይ የፈረንጅ ፊደል ግማሽ ወገብ አየሁ። በታይፕ የተመታ ነው፤ ወረቀቱ ተቃጥሎ እንኳ ቀለሙ ያብረቀርቃል። በጣም ደስ አለኝ። አዲስ ነገር ለየሁ ብዬ ነዋ! ደብተሩን ስቤ በምሥራቁ ገጽ ላይ "ሌላ" በሚለው ሥር፣ በጥሩ እጅ ጽሑፌ፣ "የተቃጠለ ወረቀት፣ የታይፕ ፊደል ያለበት፣ ብዙ" ብዬ ጻፍኩ።

ምሥራቅ ለእኔ ገጽ እንጂ ቤት አልነበረም። ከብረቱ በስተምሥራቅ፣ መቶ እርምጃ በማይሞላ ርቀት፣ አንድ ቤት ብቻ አለ። ከእሱ ወዲያ ባሕር ዛፍ ነው፤ ከባሕር ዛፉ ወዲያ በቆሎ። ያ ቤት የዶክተሩ ቤት ነው። በየቀኑ ሁለት ጊዜ ጣሪያ ላይ ቆሜ የማየው ቤት። አንድም ጊዜ አላገናኘሁትም።

ያን ዕለት አሳሾቹ መጡና ግቢው ውስጥ የምናድርበትን ፍራሽ ቀደው፣ የዶክተሩን መጻሕፍት በትነው፣ ምንም ሳያገኙ ሄዱ። ዓርብ ደረሰ። ዶክተሩ ደብተሩን እንደ ልማዳቸው እየገለጡ መጡና ያቺ መስመር ላይ ቆሙ። ቀይ እስክርቢቶው አየር ላይ ቀረ።

"ይህን እንዴት ለየሽው?" አሉኝ።

"ፊደል ይታያል ዶክተር። ጠርዙም እንደ አረማሞ ክብ አይደለም።"

ቀና ብለው አዩኝ። "ጥሩ ዓይን አለሽ" አሉና "ትክክል" ብለው ፈረሙ። እሳቸው ሰው አያመሰግኑም። ያን ቀን ሙሉ ስፈነድቅ ዋልኩ።

ዘበኛው የተመቱት ከዚያ በኋላ ነው፤ ሁለት ሳምንት ገደማ ቢሆን ነው። ዶክተሩ ጩኸቱን ሰምተው ነጭ ጋዋናቸውን እንደለበሱ ሮጠው ወጡና በሽማግሌውና በከዘራው መካከል ገቡ። አንዱን ምት ትከሻቸው ላይ ተቀበሉ። የጓዶቹ አለቃ ካድሬ ነበር፤ እዚያው ግቢ ለጥቂት ጊዜ ሲማር ቆይቶ ያቋረጠ ልጅ ነው፤ ዶክተሩ አስተምረውታል።

"ይህ ሬዲዮ ነው ይላሉ ልጆቹ" አለ ካድሬው። "ከማን ጋር ነው የምትነጋገርበት?" አስተማሪውን "አንተ" ሲል ከንፈሩ ላይ ትንሽ ፈገግታ ነበረ።

"ሬዲዮ አይደለም። ና ግባ፣ ላሳይህ" አሉ ዶክተሩ።

አስገቧቸው። ስላይዶቹን አሳዩ፣ ቫዝሊኑን አስነኩ፣ ነፋስ ምን እንደሚያደርግ አስረዱ። ካድሬው ጥያቄ ይጠይቅ ጀመር፤ ጥያቄዎቹም ጥሩ ነበሩ። የዶክተሩ ፊት ሲፈካ አየሁ። ለካ የሚሰማቸው ተማሪ አጥተው ኖረዋል። "በየትኛው ቀን፣ ከየትኛው ማዕዘን፣ ምን እንደመጣ ሁሉም እዚህ ተጽፏል። ይህች ልጅ አትሳሳትም" አሉና ደብተሩን በገዛ እጃቸው አቀበሉት። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይኸው ነው፤ ከሬዲዮው ክስ ነጻ ያወጣን ማስረጃ ያው ደብተር ነበር።

ካድሬው ገጾቹን ገለጠ። ወደ አሰሳው ቀን ሲቃረብ፣ ያ ወረቀት ከየትኛው ቤት እንደተነሣ ያን ጊዜ ገባኝ። ጣቱን መስመሯ ላይ አድርጎ ጮክ ብሎ አነበባት። ከዚያ ወደ መስኮቱ ሄደ፣ ወደ ምሥራቅ አየ፣ ብዙም አልቆየ።

"ያ ቤት የማን ነው?"

ወደ እኔ ዞረ። "ጽሑፉ ያንቺ ነው?"

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ፤ ከእስክርቢቶ የወጣው ወዴት እንደሚደርስ የነገረኝ የለም። "የእኔ ነው፤ ግን ተሳስቻለሁ" አልኩ። "አረማሞ ነው። ደክሞኝ ስለነበር አልለየሁትም።"

"አረማሞ የታይፕ ፊደል አለው?"

ጓዶቹ ሳቁ። ካድሬው ስላይዱን አውጪ አለኝ። ሁሉም በቀኑ ተደርድሮ ተቀምጧል፤ ቁጥር ያለው ነገር መደበቂያ የለውም። ማይክሮስኮፑ ላይ አስገባሁት። ካድሬው ጎንበስ ብሎ አየ፤ ማስተካከያውን ማን እንዳስተማረው አልጠፋኝም። ከዚያ ማጅራቴን ይዞ ዓይኔን መነጽሩ ላይ ደፈቀው።

"ምን ይታይሻል?"

"አረማሞ።"

በሰደፍ ከኋላዬ መታኝ። ቅንድቤ በብረቱ ተሰነጠቀ።

"ምን ይታይሻል?"

"አረማሞ።"

ሁለተኛው ምት ጆሮዬ ሥር አረፈ። ይህ ጆሮ ዛሬም አይሰማም። ደሙ ዓይኔ ውስጥ ገብቶ ስላይዱ ቀይ ሆነብኝ፤ ከቀዩ መሐል ያቺ ግማሽ ፊደል ትታየኛለች። ሦስተኛ ጠየቀኝ። ሦስተኛም አረማሞ አልኩ። ጀግና ስለሆንኩ አይደለም፤ እልክ ነበር፤ እናቴ በዚህ እልኬ ስትረግመኝ ነው ያደግኩት። ካድሬው የጠመንጃውን አፍ ማጅራቴ ላይ ሲያስጠጋ ብረቱ ቀዘቀዘኝ።

"ተው" አሉ ዶክተሩ። ድምፃቸው የዓርብ ድምፅ ነበር፤ ደብተር ሲያርሙ የሚያወጡት። "መጀመሪያ የጻፈችው ትክክል ነው፤ የተሳሳተችው አሁን ነው። ወረቀት ነው። ያቃጠልኩትም እኔ ነኝ።"

"የምን ወረቀት?"

"ደብዳቤ። ውጭ አገር ያስተማረኝ ሰው ስለ ዋግ የጻፈልኝ።"

"ስለ ዋግ ከሆነ ለምን ታቃጥለዋለህ?"

ያን ሰሞን ያላቃጠለ ወይ ያልቀበረ አልነበረም። እዚያው ላቦራቶሪ ውስጥ ይመቷቸው ጀመር። ጋዋናቸውን ራሳቸው ላይ ጠቅልለው፣ ወለሉ ላይ አንከባለው፣ በእግር። መደርደሪያው ወደቀ፤ የሦስት ዓመት ስላይድ ከእኛ ጋር መሬት ላይ ተፈጨ። ያንን ስንጥር ደግሞ የሚለቅም ሰው አልነበረም።

ሁለታችንንም በአንድ መኪና ጫኑን። እጃችን የፊጥኝ ታስሯል። የዶክተሩ አፍንጫ ተሰብሮ ትንፋሻቸው ያፏጫል። መንገዱ ላይ ስንናጥ ወደ እኔ ዘንበል ብለው "ነፋሱን ረሳሁት" አሉኝ። ለብቻቸው የሚያወሩ ይመስላሉ።

ተናደድኩ። እንዲያ ሆነው፣ ተናደድኩባቸው። "ዓርብ ዕለት አይተውት ነበር አይደል? ለምን አላጠፉትም? አጥፊው ቢሉኝ አጠፋው ነበር።"

"ትክክል ነበር" አሉ።

ቀበሌው በር ላይ ለያዩን።

እኔን ወፌ ላላ ገረፉኝ። እጅና እግር ታስሮ፣ ጉልበት ላይ እንጨት ተሰክቶ፣ ሰው ተገልብጦ ውስጥ እግሩ የሚገረፍበት ነው፤ አፉ ውስጥ የሚወተፈው የሌሎች ጩኸት የነካው ጨርቅ ነው። ዝርዝሩን አልጽፈውም፤ የደረሰበት ያውቀዋል። ዶክተሩ ከእነማን ጋር ይሰበሰቡ እንደነበር ጠየቁኝ። የማውቀው ከማን ጋር ምሳ እንደሚበሉ ነው፤ ብቻቸውን ነው የሚበሉት። ይህንኑ ስላቸው ይመቱኛል። አንድ ወር ከምናምን ቆይቼ፣ ለምን እንደያዙኝ እንዳልነገሩኝ ሁሉ ለምን እንደለቀቁኝም ሳይነግሩኝ አስወጡኝ።

ዘበኛው በር ላይ ይጠብቁኝ ነበር። ፊት ለፊት ጥርስ የላቸውም፤ ከዘራቸውንም ወስደውባቸዋል። እኔ በእግሬ ጠርዝ፣ እሳቸው በአንድ ጉልበት፣ ተደጋግፈን ወደ ፒያሳ ስንዘልቅ አደባባዩ ዳር ሰው ተሰብስቦ አየን። ሦስት ሬሳ ነበር። ዶክተሩን ያወቅኳቸው በነጩ ጋዋን ነው፤ ፊቱ የሚታወቅ አልነበረም። ደረቱ ላይ በቀይ የተጻፈ ወረቀት ተሰክቷል። የሕዝብ ጠላት ነው ይላል። ጠመንጃ የያዘ ልጅ የማን ዓይን እንደሚያለቅስ እየዞረ ያያል።

"አታልቅሺ፣ ልጄ" አሉኝ ሽማግሌው በጥርስ አልባ አፋቸው። "እኛ ቤት ገብተን እናለቅሳለን።" እንዳሉት አደረግን።

እንግዲህ የሚያሳፍረኝን ልናገር። ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። የምበላው አልነበረኝማ። በቆሎውን ዋግ መታው ተብሎ ቆጠራው ይቀጥል የሚል ትእዛዝ መጥቶ ነበር፤ አብዮቱም በቆሎ ይበላል። አዲስ ኃላፊ ተሾመ። የዶክተሩን ቤት ካድሬው ወሰደው። ቤቱ ይጸዳ ተባለና አንድ ምሽት የቀረውን ሁሉ በረንዳው ፊት ከምረው እሳት ለቀቁበት። መጻሕፍቱን፣ የስፖር ሥዕሎቻቸውን፣ የድሮ ደብተሮቻችንን፣ በየዓርቡ በቀይ የጻፉትን "ትክክል" ሁሉ። እኔ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ስላይዶቹን ሰቅዬ ነበር። እሳቱ እስኪነጋ ጨሰ።

ጠዋት መሰላሉን ወጣሁ፤ ውስጥ እግሬ ገና አልዳነም፣ በየደረጃው ያቃጥለኛል። የምሥራቁን ስላይድ ማይክሮስኮፕ ላይ አደረግኩት። ወረቀት ነበር። ከዳር እስከ ዳር ወረቀት፤ ጠፍጣፋ፣ ጠርዙ የተቀደደ። አንዱ ቁራጭ ላይ ቀይ ቀለም አየሁ። የየትኛው ፊደል ክፍል እንደሆነ ለማወቅ ረጅም ጊዜ አጎነበስኩ፤ ጥሩ ዓይን አለኝ፤ ለየሁት።

አዲሱን ደብተር ሳብኩና ዋግ በሚለው ሥር የቆጠርኩትን ጻፍኩ። አረማሞ፣ ዜሮ። የአበባ ብናኝ፣ አቧራ፣ ሁሉንም ሞላሁ። "ሌላ" ላይ ስደርስ እስክርቢቶዬን ይዤ ቆየሁ። በዚያ በመጀመሪያው ጠዋት መጻፍ የነበረብኝን ቃል ያን ጊዜ ጻፍኩት። "ምንም።"

ዓርብ ደብተሩን ለአዲሱ ኃላፊ አቀረብኩ። ሳያነበው "ትክክል" ብሎ ፈረመ።